«ማን ሰፋው?»፦ ኮሪያን ላጥና ሄጄ የገጠመኝ

የመጀመሪያ ሴሚስተር ጽሑፌን መምህሬ ሲመልሱልኝ ከሃያ ሁለቱ ገጽ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ውጤቱን ሳይ ግን ክው አልኩ። ዝቅ ያለ ነው። እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁት ሥራ ነበር። ርዕሱ «ኢትዮጵያ ከኮሪያ ምን ትማራለች?» ይላል። ሠንጠረዥ አለው። ግራፍ አለው። የዓለም ባንክ ተጠቅሶበታል። ታዲያ ምን ጎደለው?

ቀዩ ምልክት ገጽ ዘጠኝ ላይ ነው። «በ1960ዎቹ የኮሪያ የወጪ ንግድ በአልባሳት፣ በኮምፔንሳቶና በዊግ በፍጥነት አደገ» ብዬ ጽፌያለሁ። መምህሬ «አልባሳት» የምትለዋን ቃል ከበቧትና ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል ጻፉ። «ማን ሰፋው?»

ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ቀን አኮረፍኩ። አክስቴ ሰፍታ የሰጠችኝን ካፖርት ለብሼ በዚያ ብርድ የወንዙን ዳር ስመላለስበት አመሸሁ። ጥያቄው የማይረባ መሰለኝ። ማን እንደሰፋው ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው አገር እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ ነው።

አሁን ለስኮላርሺፕ የሚዘጋጁ ልጆች ይደውሉልኛል። ወደ ኮሪያ፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ህንድ የሚሄዱ። ስለ ብርዱ ይጠይቁኛል። እንጀራ ይገኛል ወይ ይሉኛል። (ይገኛል፣ ግን ዋጋውን ሰምታችሁ ሩዝ ትለምዳላችሁ።) ስለ ትምህርቱ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። በተለይ ታሪክ፣ ኢኮኖሚ ወይም ማኅበረሰብ ልታጠኑ ለምትሄዱ፣ እኔ አንድ ዓመት ያባከንኩበትን ነገር እናንተ በአንድ ንባብ እንድታልፉት ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱን አቀላቅዬ አንዴ ክፍል ውስጥ ጉድ ሆኛለሁ።

ይዤው የሄድኩት ታሪክ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ኮሪያ ከጦርነቱ በኋላ ከእኛ የባሰች ደሃ ነበረች፤ እኛ ወታደር ላክንላት፤ እሷ ተመነጠቀች፣ እኛ ቀረን። ታክሲ ውስጥ ይወራል። ለቅሶ ቤት ይወራል። መንግሥትም «ልማታዊ መንግሥት» ሲል የሚጠራቸው ምሳሌዎች ኮሪያና ታይዋን ነበሩ።

እዚያም ስትደርሱ ታሪኩ ይጠብቃችኋል። ቹንቾን የሚባል ከተማ አለ፣ ከሴኡል በባቡር ቅርብ ነው። የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ እዚያ ነው። ፊት ለፊቱ ውሃው ዳር ከ1968 ጀምሮ ያለ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። ያ ዓመት አፄ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን የጎበኙበት ነው። ከ3 ሺህ በላይ ወታደር ልከን ከ120 በላይ እዚያ ሞተውብናል። ሽማግሌዎች ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙኛል። አንድ አዛውንት አውቶቡስ ውስጥ ተነስተው ወንበራቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ ያፈርኩትን አልረሳም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የሚያከብርህን ቤት «ጓዳህን አሳየኝ» ማለት ይከብዳል። በእንግድነት የሄደ ሰው የቀረበለትን ይበላል እንጂ ድስቱን ከፍቶ አያይም። እኔም የቀረበልኝን በላሁ። ሃያ ሁለት ገጽ።

(ስለ ውለታ ካነሳን፣ አዲስ አበባ ላይ ለሁለቱም ኮሪያዎች የሚያስታውስ ሐውልት አለን። የዘማቾቹ አፍንጮ በር ነው። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን ትግላችን ሐውልት ደግሞ በ1984 ያቆሙልን ሰሜኖቹ ናቸው። ደርግ ከሰሜን ጋር ሲወዳጅ ደቡብ የዘመቱት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ይህን እንኳ እዚያ ከሄድኩ በኋላ ነው ያገናኘሁት። በየቀኑ በሥሩ በታክሲ አልፍ ነበር።)

ኩርፊያው ሲበርድልኝ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። አልተቆጡም፣ አላባበሉም። አንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጽፈው ሰጡኝ። መሬት፣ ጃፓን፣ ቬትናም፣ ፕዮንግህዋ ገበያ። «እነዚህን አንብበሽ ገጽ ዘጠኝን እንደገና ጻፊ» አሉኝ።

መሬቱ ይህ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ የመሬት ይዞታን ወደ ሦስት ሄክታር ገደማ ገደበች፤ ትርፉ ለአራሹ ተከፋፈለ። ያ የጭሰኛ ልጅ ነው በኋላ ትምህርት ቤት የሞላው። ጃፓን ማለት ደግሞ የ1965 ስምምነት ነው። የቀድሞዋ ቅኝ ገዥ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፣ 200 ሚሊዮን በብድር ሰጠች፤ ተማሪው ደግሞ «ደማችንን ሸጣችሁት» ብሎ አደባባይ ወጣ። ቬትናም፦ ከ1964 እስከ 1973 ኮሪያ ለአሜሪካ ጦርነት ከ300 ሺህ በላይ ወታደር በየተራ ላከች፣ ዶላርና የኮንትራት ሥራ አገኘች። የአሜሪካ እርዳታ በዚህ ላይ ነው። «ከእኛ እኩል ተነስታ» የሚለው ወሬ እነዚህን አይቆጥርም። ስንት ሴሚናር ላይ ቁጭ ብዬ «ዲሲፕሊን ስላላቸው ነው» ሲባል እንደሰማሁ! እኔም ብያለሁ።

አራተኛው ቃል ግን ለየት ያለ ነበር። ዓመቴን በላው።

ፕዮንግህዋ ማለት ሰላም ማለት ነው። ገበያው ሴኡል መሃል፣ ቾንግጌቾን የሚባለው ጅረት ዳር ነው። ዛሬ ብትሄዱ ኮፍያና ካልሲ በጅምላ ይሸጥበታል። መርካቶ ያደገ ሰው አይጠፋበትም፤ ሸክሙ፣ ጩኸቱ፣ በጠባብ መንገድ በሞተር የሚሮጠው ጥቅል ጨርቅ። በ1960ዎቹ ታች ሱቅ ነበር፣ ላይ የልብስ ስፌት። ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ፎቅ በእንጨት ለሁለት ከፍለውታል። ጣሪያው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ትልቅ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም።

ከገበያው ብዙ ሳይርቅ በ2019 የተከፈተ ትንሽ ሙዚየም አለ። ያን ቆጥ አስመስለው ሠርተውታል። ገባሁበት። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወገቤን ያዘኝ። አጠገቤ የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሳሉ። እነሱ ቁመታቸው ይበቃቸዋል። ያኔ ነው የገባኝ። ጣሪያው ዝቅ ያለው ሠራተኞቹ ልጆች ስለነበሩ ጭምር ነው።

«ሺዳ» ይሏቸዋል። ረዳት ማለት ነው፣ ከጃፓንኛ የተወሰደ ቃል። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ከገጠር የመጡ ሴቶች። በቀን አሥራ አራት ሰዓት ይሠራሉ። በ1953 የወጣው የሥራ ሕግ ስምንት ሰዓት ይላል።

በዚህ ገበያ ቾን ቴ ኢል የሚባል ወጣት ነበር። በ1948 የተወለደ፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ራሱም በረዳትነት የጀመረ። በኋላ ጨርቅ ቆራጭ ሆነ። ቆራጭ ሆኖ ትንሽ ከፍ ሲል ታች ያሉትን ማየት ጀመረ። የአውቶቡስ ሳንቲሙን ለልጆቹ ትንንሽ ዳቦ ገዝቶበት እሱ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያኔ የሰዓት እላፊ አለ፤ ያዙኝ አልያዙኝም እያለ ነው የሚገባው። የሥራ ሕግ የሚባል ነገር መኖሩን ከአባቱ ሰማ። ከሰማ በኋላ ጓደኞቹን ሰብስቦ በ1969 ማኅበር አቋቋመ። ስሙን ምን አሉት መሰላችሁ? የሞኞች ማኅበር። መብታችንን ሳናውቅ እንደ ሞኝ ኖረናል ለማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ሰው ጥናት አደረገ። መጠይቅ አሳተመ። ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ፣ በወር ስንት ቀን ታርፋላችሁ፣ ዓይናችሁን ያማችኋል ወይ፣ ደረታችሁንስ? በመጀመሪያው ዙር 300 ቅጽ አዘጋጅቶ የተመለሰለት 30 ያህል ነው፤ አሠሪዎቹ ነቁበት። በ1970 እንደገና ሞክሮ 126 ሰው መለሰለት። ያን ይዞ መንግሥት ቢሮ ሄደ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ «ሜቶዶሎጂ» ተምሬ 126 ሰው አግኝቼ አላውቅም።

ሕጉን ራሱ ለማንበብ ግን ተቸገረ። የሕግ መጽሐፉ በቻይና ፊደል የተሞላ ነበር። ማታ ማታ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ ያነባል። ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ጓደኛ በኖረኝ እያለ ይመኝ ነበር። አንድ ብቻ፣ ይህን የሚያነብልኝ።

ኖቬምበር 13 ቀን 1970 ገበያው ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። የማይሠራውን ሕግ መጽሐፍ ሊያቃጥሉ ነበር። ፖሊስ በተናቸው። እሱ ልብሱ ላይ ነዳጅ አርከፍክፎ ራሱን ለኮሰ። «እኛ ማሽን አይደለንም፣ ሕጉን አክብሩ» እያለ ሮጠ። በዚያው ሌሊት ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ጓደኞች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አስከሬኑ ጋ የደረሱት የሕግ ተማሪዎች ነበሩ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈውም ጠበቃ ነው፤ ኮሪያ ውስጥ በ1983 ሲታተም የጸሐፊው ስም አልነበረበትም። ማውጣት አይቻልማ።

በዚያው ዘመን ግራፉ ወደ ላይ ይሄዳል። የወጪ ንግድ በ1964 መቶ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፣ በ1977 አሥር ቢሊዮን። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። እኔ ጽሑፌ ላይ ግራፉን አድርጌያለሁ። አሊስ አምስደን የምትባል ኢኮኖሚስት በ1989 ስለ ኮሪያ የጻፈችውን ደግ አድርጌ ጠቅሻለሁ፤ መንግሥት ፋብሪካውን እየደጎመ እንዴት ለውጤት ያስገድደው እንደነበር። የሴቶች ደመወዝ ከወንዶቹ ምን ያህል እንደሚያንስ የጻፈችበትን ክፍል ግን ዘልዬዋለሁ። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። አይቼ «ይህ ለእኔ ርዕስ አይሆንም» ብዬ አልፌዋለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ዘዴ ልንገራችሁ፣ ለማንኛውም ርዕስ ይሠራል። ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ አንብባችሁ በ«ተ» የሚጀምሩትን ግሦች አስምሩባቸው። ተገነባ። ተመረቀ። ተላከ። ተነሱ። የእኛ ቋንቋ ይህችን «ተ» ይወዳታል፣ በተለይ ሪፖርት ስንጽፍ። አድራጊውን ትሰውርልናለች። እያንዳንዷ ጋ «ማን?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን ካላወቃችሁት፣ ቀጥሎ የምታነቡት እሱን ነው። እኔ ሃያ ሁለቱ ገጽ ላይ ስቆጥር 61 አገኘሁ። «አደገ» ደግሞ «ተ» ባይኖረውም ያው ነው፤ ዛፍ ይመስል ብቻውን የሚያድግ።

ቋንቋውን በተመለከተ። በእኔ ጊዜ በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሄደ ሰው አንድ ዓመት ኮሪያኛ ይማራል፣ ቶፒክ በሚባለው ፈተና ሦስተኛ ደረጃ ማምጣት አለበት። እኔ አራተኛ አመጣሁ፣ ኩራቴ አይጣል ነበር። ከዚያ የኖቬምበር 1970 ጋዜጣ ገለጥኩ። ግማሹ የቻይና ፊደል! አንድ ዓረፍተ ነገር ለማንበብ ሩብ ሰዓት። መዝገበ ቃላቱ ላይ ተደፍቼ ሳለ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱ ሕጉን ማንበብ አቅቶት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተመኘ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ደግሞ ይኸው፣ ስለ እሱ የተጻፈውን ማንበብ አቅቷታል።

ያዳነችኝ ከእኔ ሁለት ዓመት የምትበልጥ የታሪክ ተማሪ ናት። «ኦንኒ» እላታለሁ፣ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፤ እንደዛ ካላላችሁ ወዳጅነቱ አይጸናም። ናቨር የሚባለው የኮሪያው መፈለጊያ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ አስቀምጧል፤ የቻይናውን ፊደል ወደ ኮሪያ ፊደል ቀይሮ የሚያሳይ ቁልፍም አለው። ይህን ያሳየችኝ እሷ ናት። ሦስት ወር የፈጀብኝ ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ። እባካችሁ መጀመሪያ ቀን ጠይቁ። ማፈር ብዙ አስከፍሎኛል።

በነገራችን ላይ «ማን ሰፋው» የመምህሬ ግኝት አይደለም። ከኋላው ረጅም ክርክር አለ። በ1968 ቬትናም ላይ ቦምብ ሲዘንብ፣ አሜሪካ ውስጥ እስያን የሚያጠኑ ወጣት ምሁራንና ተማሪዎች በራሳቸው ታላላቆች ላይ ተነሱ። እናንተ የእስያን ቋንቋ ታውቃላችሁ፣ ታሪኩን ታውቃላችሁ፣ ስለ ጦርነቱ ግን ዝም ብላችኋል አሏቸው። የጥናቱ ገንዘብ ከየት ይመጣል? እውቀቱስ ማንን ያገለግላል? ማኅበር አቋቋሙ፣ መጽሔት ጀመሩ። መጽሔቱ በ2001 ስሙን ቀይሮ ዛሬም ይታተማል። የኮሪያ ጦርነት በጁን 25 ቀን 1950 ብቻ የጀመረ ሳይሆን ከ1945 ጀምሮ በመንደር በመንደር ሲብላላ የቆየ ነው ያለው የታሪክ ምሁሩ ብሩስ ከሚንግስም ከዚያ ትውልድ ነው።

እነዚህን ሳነብ መጀመሪያ ሃይማኖት ያገኘሁ መሰለኝ። የጻፉትን ሁሉ እንደ ወንጌል። ኦንኒ ናት ያቀዘቀዘችኝ። እነዚሁ ሰዎች በ1971 ቻይና ሄደው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቹ ኤንላይ ተቀብሏቸው፣ የባህል አብዮቱን እያደነቁ ተመለሱ። የተዘጋውን በር አላንኳኩም። በ1990ዎቹ የሶቪየት ሰነዶች ሲከፈቱ ደግሞ የሰሜኑ መሪ ኪም ኢል ሱንግ ደቡብን ለመውረር ፈቃድ ለምኖ ስታሊን እንደፈቀደለት በጽሑፍ ተገኘ፤ ስለ ጦርነቱ አጀማመር ሲባል የነበረው ብዙ ነገር እንደገና መታየት ነበረበት። የአሜሪካን መንግሥት መጠራጠር የቻለ ሰው ማኦን መጠራጠር አቃተው። እኔም እንደዚያው፣ ያን የዕድገት ዘመን የመራውን ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂን ከማድነቅ ተነስቼ እሱን የተቃወመውን ሁሉ ወደ ማመን ዘልዬ ነበር።

ጄጁ ስሄድ ያደረግኩትንም ልንገራችሁ፣ ብዙም አያኮራም።

ጄጁ ደሴት ናት፤ ሙሽሮች ለጫጉላ የሚሄዱባት፣ የመንደሪን አገር። በኤፕሪል 3 ቀን 1948 ግራ ዘመም ታጣቂዎች ፖሊስ ጣቢያዎችን መቱ፤ አገሪቱን ለሁለት የሚከፍለውን ምርጫ ይቃወሙ ነበር። መልሱ እስከ 1954 የዘለቀ ጭፍጨፋ ሆነ። ከ25 እስከ 30 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ከደሴቲቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛው ገደማ። አብዛኛውን የገደለው የመንግሥት ኃይል ነው። ይህን በ2003 የመንግሥቱ የራሱ ሪፖርት አመነ፣ ፕሬዚዳንት ሮ ሙ ህዩንም በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ስሙን ማንሳት ያሳስር ነበር። በ1978 ልብ ወለድ አድርጎ የጻፈው ደራሲ ተይዞ ተገርፏል።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሰማንያ የተጠጉ እናት ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መቅጃውን ከፈትኩና «በ1948 እዚህ ነበሩ ወይ?» አልኳቸው። እንዲሁ። ደህና አደሩ እንኳ በቅጡ አላልኩም። እሳቸው ስልኩን አዩት። መንደሪን አንስተው መላጥ ጀመሩ። ነጩን ክር እያንዳንዱን በጥፍራቸው እየለቀሙ አጸዱት። ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። «ብዪ» አሉኝ። በቃ። ቅጂው ላይ ያለው ድምፅ የልጣጭ ድምፅ ነው።

በኋላ ነው የተረዳሁት። በዘመዱ የተጠረጠረ ሰው፣ እሱ ባያደርግም፣ የመንግሥት ሥራ አያገኝም ነበር፤ ውጭ አገር መውጣትም ይከለከል ነበር። ይህ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። እናት ለልጇ ስትል ዝም ትላለች። እኔ ይህን ከኮሪያ መጽሐፍ መማር ነበረብኝ? ሰፈሬ ውስጥ በቀይ ሽብር ልጃቸው የጠፋባቸው እናት ነበሩ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ማንም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አያነሱም። ያን ዝምታ ሳላስተውለው አልፌው ነበር ያደግኩት።

የመታሰቢያው ሙዚየም ውስጥ አንድ ነጭ ድንጋይ ተጋድሟል። ከላይ ብርሃን ይወርድበታል። ምንም አልተጻፈበትም። አመፅ ይባል፣ እልቂት ይባል፣ ትግል ይባል፣ ስሙ ላይ አልተስማሙም። ስም እስኪያገኝ ተኝቶ ይቆያል። እዚያ ብዙ ቆምኩ። ጽሑፍ ያለባቸውን ግድግዳዎች በፎቶ አንስቻለሁ፣ ድንጋዩን አላነሳሁትም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ሰዎች፦ የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ፈቃድ አውጡ፣ ግዴታ ነው። ግን ፈቃዱ ስለ ሰውየው ምንም አያስተምራችሁም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሳትጠይቁ ተቀመጡ። ሳህን እጠቡ። መቅጃው ከቦርሳ የሚወጣው እሺ ከተባለ በኋላ ነው። ካልተባለም ካልተባለ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ስለ ፓስፊክ ላንሳ፣ ምክንያቱም ክፍላችን ውስጥ አንድ የፊጂ ልጅ ነበር። ከየት ነህ ሲሉት «ፊጂ» ይላል፤ ወዲያው «ዋው፣ የባሕር ዳርቻ!» ይሉታል። እኔም ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ እኔን ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ እርዳታ ያሰባሰበለትን ረሃባችንን አላነሳብኝም። አንድ ቀን የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውን ኤፔሊ ሃውኦፋን አስነበበኝ። በ1993 የጻፈው ነው። ነጮቹ ሲመጡ ያዩት ሩቅ ባሕር ውስጥ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶችን ነው ይላል። የደሴቶቹ ሰዎች ግን የሚያዩት ደሴቶቹን የያዘውን ባሕር ነው፤ ባሕሩ መንገዳቸው፣ ዘመዳቸው ጋ መሄጃቸው ነበር። ታዲያ ማን ነው ትንሽ ያላቸው? አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 ማርሻል ደሴቶች ላይ 67 የኑክሌር ሙከራ ያደረገችው ትንሽ፣ ሩቅ፣ ሰው የማይበዛበት ብላ ነው። ለነዋሪው ሩቅ አይደለም፣ ቤቱ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ያላደገ» እና «ወደ ኋላ የቀረ» የሚሉትን ቃላት ስጽፍ እጄ ይያዛል። ከማን ኋላ?

ገጽ ዘጠኝን እንደገና ጻፍኩት። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ስለ ዊጉ ብቻ አራት ገጽ አለው። የዊግ ፋብሪካ ሴቶች በኦገስት 1979 ፋብሪካው ሲዘጋባቸው የተቃዋሚውን ፓርቲ ዋና ቢሮ ያዙ፤ ፖሊስ ገብቶ ሲያስወጣቸው ኪም ክዩንግ ሱክ የምትባል ወጣት ሞተች፤ ነገሩ እየተቀጣጠለ ሄዶ ፓርክ ቹንግ ሂ በኦክቶበር በራሱ የደህንነት ሹም ተገደለ። «ዊግ» የምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ነበር። ለጥያቄዬ ግን፣ ኢትዮጵያ ከኮሪያ ምን ትማራለች ለሚለው፣ አንድ መስመር መልስ አላገኘሁም። ርዕሱን ቀየርኩት። እንዲህ ዓይነት ጥናት ሥራ ለማግኘት አይረዳም፣ ይህን አልደብቃችሁም። «የኮሪያ ተአምር» የምትል ወረቀት ያላት ጓደኛዬ አሁን ጥሩ ድርጅት ውስጥ ናት።

የጨረስኩ ዕለት አክስቴ ጋ ደወልኩ። መርካቶ ልብስ ሰፊ ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለ ምን እንደጻፍኩ ጠይቃኝ አታውቅም። ያን ቀን ጠየቀችኝ። ስለ ስፌት ነው አልኳት። ሳቀች። «ለዚህ ነው እንዴ ኮሪያ ድረስ የሄድሽው?»

ስለ ቆጡ ነገርኳት፣ አንድ ሜትር ተኩል ስለሆነው ጣሪያ። ስለ ልጆቹም። ዝም ብላ ሰማችኝና ጥያቄ ታወርድብኝ ጀመር። መብራቱ ከየት በኩል ነው የሚመጣው? የጨርቁ ብናኝ የት ይሄዳል? መስኮት አለው? አሥራ ሦስት ዓመቷ ከሆነ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይደርስላታል?

«መኪና ላይ አይቀመጡም እታለም» አልኳት። «ክር ይቆርጣሉ። ይተኩሳሉ። ይላላካሉ።»

«እ፣ እንደ እኔ ነዋ።»

«እንደ አንቺ ማለት?»

«እኔስ ስጀምር ክር ቆራጭ አልነበርኩ? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቡልጋ እንዳመጡኝ። መኪና የነካሁት በአራተኛው ዓመት ነው፣ ያውም ሰውዬው ሲታመም።» ትንሽ ቆየች። «አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገረችኝም። ጠይቄያት አላውቅማ። የስልኩን ካርድ አየሁት፣ ሊያልቅ ነው። ደብተሬን ሳብኩና አዲስ ገጽ ገለጥኩ።

«ቆይ እታለም፣ ልቁረጠውና መልሼ ልደውል። ከመጀመሪያው ትነግሪኛለሽ።»